ካንሰር፦ በሀብታም ሀገር ይበዛል፣ በድሃ ሀገር ይገድላል

«ካንሰር የሀብታም ሀገር በሽታ ነው» ሲባል ሰምተው ያውቃሉ? እኛ ሰፈር፣ ሳሪስ አቦ፣ ይህ ነገር ቡና ላይም ለቅሶ ቤትም ይነሳል። አንዱ የፈረንጅ ምግብ ያመጣው ነው ይላል፤ ሌላው ኬሚካል ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ይናገራል፦ «ድሮ ስሙንም አናውቀው፤ አሁን እኛን ጨረሰን።» ሁሉም ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ይዟል። ሙሉውን ለማየት ግን ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አንደኛው «ስንት ሰው ይታመማል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ከታመመው ውስጥ ስንቱ ይሞታል?» የሚለው ነው።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። ወደ ሱቁ የገባውን ሰው ቆጥሮ ገዝቶ የወጣውን ያልቆጠረ ነጋዴ ስለ ገበያው የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው። ስለ ካንሰርም የምናወራው ብዙ ጊዜ በግማሽ ቁጥር ነው። የቀረው ግማሽ ደግሞ በቀጥታ የእርስዎን ቤት የሚመለከት ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ምን ይላሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው መረጃ መሠረት፣ በ2022 በመላው ዓለም ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች አዲስ የካንሰር ታማሚዎች ሆነዋል። በዚያው ዓመት 9.7 ሚሊዮን ሰዎች በካንሰር ሞተዋል። በዕድሜ ዘመናቸው ካንሰር የሚይዛቸው ከ5 ሰዎች አንዱ ናቸው።

አሁን ወደ ልዩነቱ እንምጣ። በልማት እጅግ ከፍተኛ ደረጃ ላይ በደረሱ ሀገሮች ከ12 ሴቶች አንዷ በሕይወት ዘመኗ የጡት ካንሰር ይገኝባታል። በዚህ በሽታ የምትሞተው ግን ከ71 ሴቶች አንዷ ናት። በልማት ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ባሉ ሀገሮች በሽታው የሚገኝባት ከ27 ሴቶች አንዷ ብቻ ናት። የምትሞተው ግን ከ48 አንዷ ናት።

እስኪ ስሌቱን በቀላሉ እንሥራው። በሀብታሞቹ ሀገሮች የጡት ካንሰር ከተገኘባቸው 100 ሴቶች ውስጥ በበሽታው የሚሞቱት 17 ያህሉ ናቸው ማለት ነው። በድሆቹ ሀገሮች ደግሞ ከ100ዎቹ 56 ያህሉ ይሞታሉ። እዚያ ከስድስት ታማሚዎች አንዷ ስትሞት፣ እዚህ ከሁለት ከአንድ በላይ ትሞታለች። በሽታው አንድ ነው፤ ስሙም አንድ ነው። ዕጣው ግን እንዲህ ይራራቃል።

እዚያ ለምን ይበዛል?

የመጀመሪያው ምክንያት ዕድሜ ነው። ካንሰር በአብዛኛው ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ በሽታ ነው። በአውሮፓ ሽማግሌው ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና 20 ዓመት አልሞላውም። ወጣት ሕዝብ ባለበት ሀገር የካንሰር ቁጥር ዝቅ ቢል አይገርምም።

ሁለተኛው የአኗኗር ለውጥ ነው። ትንባሆ፣ አልኮል፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ቁጭ ብሎ መዋል የተለያዩ የካንሰር ዓይነቶችን ዕድል ከፍ ያደርጋሉ። ዘግይቶ መውለድ፣ ጥቂት መውለድና ለአጭር ጊዜ ማጥባትም የጡት ካንሰርን ዕድል በመጠኑ ይጨምራሉ። ይህ የሚባለው ሴቶችን ለመውቀስ ሳይሆን ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለማሳየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በአማካይ የምትወልደው 1.8 ልጅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወንበር ላይ፣ ማታ ደግሞ ታክሲና ሶፋ ላይ የምናሳልፍ የከተማ ሰዎች፣ በበሽታው በኩል ወደ ሀብታሞቹ ሀገሮች እየተጠጋን ነው። በሕክምናው በኩል ግን ገና ሩቅ ነን።

ሦስተኛው መቆጠሩ ነው። እዚያ የታመመ ሁሉ ይመዘገባል። በእኛ ሀገር ሳይመረመር፣ ስሙ ሳይታወቅ፣ «ሆዱን ሲያመው ቆይቶ» ተብሎ የሚቀበር ሰው አለ። በአዲስ አበባ የከተማዋን ነዋሪዎች የሚሸፍን የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ መዝገብ ያወቅነው ትልቁ ነገር፣ በከተማችን ሴቶች ላይ ከሚገኘው ካንሰር አንድ ሦስተኛ ያህሉ የጡት ካንሰር መሆኑን ነው። የማህፀን በር ካንሰር ይከተላል። በወንዶች ላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

እዚህ ለምን ይገድላል?

አጭሩ መልስ ጊዜ ነው። የጡት ካንሰር ገና ትንሽ እያለ፣ ከጡት ሳይወጣ ከተገኘ፣ ለመዳን ያለው ዕድል ከፍተኛ ነው። ወደ አጥንት፣ ጉበት ወይም ሳንባ ከተዛመተ ግን ሕክምናው ዕድሜ ለማራዘምና ሥቃይ ለማስታገስ ነው። በሀገራችን ሆስፒታሎች የሚታዩ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚመጡት በሽታው ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ገላቸውን ሲታጠቡ ግራ ጡታቸው ላይ አተር የምታህል ነገር አገኙ። አላመማቸውም። የልጃቸው ሠርግ ደርሶ ነበርና ለማንም ሳይናገሩ ሰባት ወር አለፈ። ሠርጉ አምሮ አለቀ፤ እባጩ ግን በዚያ ጊዜ እንቁላል አክሎ ነበር። ዛሬ ሕክምና ላይ ናቸው። ቢያማቸው ኖሮ በማግስቱ እንደሚሄዱ ነው የሚናገሩት። ይህን ነጥብ ልብ ይበሉ። በጅምር ላይ ያለ የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ አያምም። «አላመመኝም» የሚለው ቃል በእኛ ሀገር ብዙ ሴቶችን አዘግይቷል።

እኚህ እናት ለንደን የምትኖር ታላቅ እህት አለቻቸው። በእንግሊዝ ሴቶች ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ እስከ 71 ዓመታቸው በየሦስት ዓመቱ ለማሞግራም ምርመራ ይጠራሉ። እህትየው ከእርሳቸው ይበልጥ ጠንቃቃ አይደለችም፤ ዕውቀቷም ከእርሳቸው አይበልጥም። የሚጠራት ደብዳቤ ግን ቤቷ ድረስ ይመጣል። ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል፦ እዚያ ሥርዓቱ ሰውን ይጠራል፤ እዚህ ሰው ሲታመም ሥርዓቱን ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድም ረጅም ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከአልትራሳውንድ ወደ ናሙና፣ ከናሙና ወደ ፓቶሎጂ ውጤት፣ ከውጤቱ ወደ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያም ወደ ኬሞና ጨረር። በእያንዳንዱ ደረጃ ወረፋ አለ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ወጪ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጡት ካንሰር ያስቀመጠው ግብ አንዲት ሴት ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን አንስቶ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ነው። እርስዎም ይህን ቁጥር ይያዙት፤ ለቤተሰብዎ ሰው ሲሮጡ ቀን መቁጠሪያ ይሆንዎታል።

መሣሪያውም ሌላ ጉዳይ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ቦታ ነበር። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ሀገር አንድ በር ብቻ ማለት ነው። ለሳሪስ አቦ ሰው ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው፤ ባቡር ወይም ታክሲ ይዞ ይደርሳል። ከጎጃም ወይም ከባሌ ለመጣ ታማሚ ግን ሕክምናው ራሱ ለሳምንታት ማደሪያ ፍለጋ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማና ሐረር ላይ የጨረር ሕክምና መጀመሩ ትልቅ እፎይታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የተሟላ የካንሰር ሕክምና ከሀብታም ሀገሮች ከ90 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ይገኛል። ከድሃ ሀገሮች ግን የሚገኘው ከ15 በመቶ ባነሱት ውስጥ ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት ቤተሰቦች በራሳቸው መንገድ ሊሞሉ ሞክረዋል። የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 «ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ»ን መሠረቱ። ማኅበሩ ከክልል ለሚመጡ ችግረኛ ታማሚዎች ማረፊያ በመስጠትና ኅብረተሰቡን በማስተማር ይታወቃል። ኀዘናቸውን ወደ ሥራ የለወጡ ወላጆች ናቸው።

የደም ወይም የዕድል ጉዳይ አይደለም

«የእኛ ሰው ሰውነት አይችልም» የሚሉ አሉ። ቁጥሩ ግን ይህን አይደግፍም። የጡት ካንሰር ከተገኘባቸው በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት የሚኖሩ ሴቶች በሀብታም ሀገሮች ከ90 በመቶ በላይ ናቸው። በሕንድ 66 በመቶ፣ በደቡብ አፍሪካ 40 በመቶ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ደግሞ የአሜሪካ ሁኔታ ነው። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የሚያዙት ከነጮቹ በትንሹ ባነሰ መጠን ነው። በበሽታው የሚሞቱት ግን ወደ 40 በመቶ በሚጠጋ ብልጫ ነው። የበሽታው ዓይነት የተወሰነ ድርሻ አለው። ትልቁ ድርሻ ግን የመድን ሽፋን ማነስ፣ ዘግይቶ መመርመርና የሕክምና ጥራት ልዩነት ነው። በሀብታም ሀገር ውስጥም ቢሆን በሩ ለሁሉም እኩል ካልተከፈተ ሞቱም እኩል አይሆንም።

ልንከላከለው የምንችለው ካንሰር

የጡት ካንሰር ላይ የምንችለው ቶሎ መድረስ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ላይ ግን ከዚያ የሚበልጥ ዕድል አለን፤ ከነጭራሹ እንዳይመጣ ማድረግ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 350 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ ሞተዋል። ከነዚህ ውስጥ 94 በመቶ የሚሆኑት የሞቱት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ሀገሮች ነው። መንስኤው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሊያዝ የሚችል በሽታ ነው።

አንደኛው መከላከያ ክትባት ነው። በስኮትላንድ 12 ወይም 13 ዓመት ሲሆናቸው በተከተቡ ሴቶች ላይ የተደረገና በ2024 የወጣ ጥናት፣ ከመካከላቸው አንዲትም የማህፀን በር ካንሰር የያዛት አላገኘም። በአፍሪካ ሩዋንዳ ክትባቱን በሀገር ደረጃ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች በነፃ መስጠት ጀመረች። ከዚያም ዕድሜው ወደ 9 ዓመት ዝቅ ብሎ ዘመቻ ተካሂዷል። ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚል ወሬ በየጊዜው ይሰማል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሴትን ማህፀኗን የሚያሳጣት ካንሰሩ ነው፤ ክትባቱ ግን ከዚያ ይጠብቃታል።

ሁለተኛው ምርመራ ነው። ነርሷ ወይም አዋላጇ የማህፀን በሩን በቀጠነ አሴቲክ አሲድ (ከኮምጣጤ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው) ትቀባና የቀለም ለውጥ መኖሩን ታያለች። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የተለወጠ ነገር ካለና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ሊታከም ይችላል። ይህ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ይሰጣል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ሁሉ ይመከራል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ሀገራዊ ጥናት በዚህ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ውስጥ ተመርምረው የሚያውቁት 3 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ሰፍቷል፤ አገልግሎቱን ፈልጋ የምትሄደው ግን አሁንም ጥቂት ናት። እዚህ ላይ «መሣሪያ የለም» ማለት አንችልም። አለ፤ ቅርብም ነው።

ልጆችስ?

በሀብታም ሀገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ ሀገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ ያነሱ ናቸው። ምክንያቱ ያው ነው፦ ዘግይቶ መታወቅ፣ ሕክምናን ማቋረጥ፣ የመድኃኒት እጥረት። የልጅ ካንሰር በአብዛኛው ወላጅ ባደረገው ነገር የሚመጣ ስላልሆነ ራስዎን አይውቀሱ። የሚከተሉትን ምልክቶች ካዩ ግን አይጠብቁ፤ ምክንያቱ ያልታወቀና የማይለቅ ትኩሳት፣ የገጽታ መገርጣት፣ ያለ ምክንያት መድማት ወይም መበለዝ፣ እያደገ የሚሄድ የሆድ እብጠት፣ የማይጠፋ የአጥንት ሕመም። አንድ ተጨማሪ አለ፤ በስልክ ፎቶ ሲያነሱት በአንድ ዓይኑ ብሌን ላይ ነጭ ብርሃን የሚታይ ሕፃን ካለ በዚያው ሳምንት ለዓይን ሐኪም ያሳዩት። የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከተያዘ የሚድን ነው።

ደብዳቤ የሚልክልን ከሌለ

የጨረር መሣሪያ መግዛት የእርስዎ ሥራ አይደለም። ሐኪም ማሠልጠንም፣ መድኃኒት ማስገባትም የመንግሥት ነው፤ ይህንንም መጠየቅ መብታችን ነው። ነገር ግን የለንደኗ እህት የምታገኘውን የጥሪ ደብዳቤ የሚተካ ነገር በእጃችን አለ፤ ቤተሰብና ዕድር።

ዕድራችን ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተክላል። ለሕክምና ወደ ውጭ ለሚሄድ ጎረቤትም ብር ስናሰባስብ ኖረናል። ብዙውን ጊዜ ግን ገንዘቡ የሚሰበሰበው በሽታው ከተዛመተ በኋላ፣ ወጪው ከከበደና ተስፋው ከቀነሰ በኋላ ነው። በንግድ ቋንቋ ብናገረው፣ አንድ ዓይነት ብር መጀመሪያ ላይ ቢወጣ ሕይወት ይገዛል፣ መጨረሻ ላይ ሲወጣ ቀናትን ብቻ ይገዛል። ዕድሮቻችን በዓመት አንድ ጊዜ ሴት አባሎቻቸውን ተሰባስበው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ቢቀጥሩ፣ የሚጠይቀው ወጪ የታክሲ ብቻ ነው። ስትሄድ ብቻዋን የምታፍር ሴት ከጎረቤቶቿ ጋር ሲሆን ትደፍራለች።

ቤትዎ ውስጥ ደግሞ አንድ ቀን ይምረጡ። የእኛ ሰፈር ሰው የአቦን ዓመታዊ በዓል ጥቅምት 5 ቀን ያከብራል፤ ቤተሰቡም ይሰበሰባል። አጋጣሚ ሆኖ ቀኑ የሚውለው በኦክቶበር ነው፤ ዓለም ስለ ጡት ካንሰር ትምህርት በሚሰጥበት ወር። የእርስዎ ቤተሰብ የሚሰበሰበው በኢድ፣ በመስቀል ወይም በልደት ሊሆን ይችላል። የትኛውም ይሁን፣ በዚያ ቀን አራት ጥያቄዎች ይጠይቁ፦

• ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉት ሴት ልጆቻችን ክትባቱን ወስደዋል? ካልወሰዱ ትምህርት ቤቱን ወይም ጤና ጣቢያውን ማን ይጠይቃል?

• ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉት እህቶች፣ ሚስቶች፣ የቤት ሠራተኞቻችንም ጭምር፣ የማህፀን በር ምርመራ ያደረጉት መቼ ነው?

• ጡቷ ወይም ብብቷ ላይ እባጭ፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ያለበት ፈሳሽ ያየች አለች? አብዛኛው እባጭ ካንሰር አይደለም፤ ይህን የሚለየው ግን ሐኪም ነው።

• ሕክምና የጀመረ ዘመድ ካለን፣ ቀጠሮውን ማን ይከታተላል? የኬሞ ቀጠሮ ያለው ሰው ብቻውን እንዳይሄድ ማን አብሮት ይሄዳል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይምሰልዎ። ሕክምናን መሀል ላይ ማቋረጥ ብዙ ሰው ያጠፋል። ፀጉር ይረግፋል፣ ምግብ አይበላም፣ ገንዘብ ያልቃል፣ ሰውየው ተስፋ ይቆርጣል። ጠበልም ጸሎትም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ስለ ወጪውም ቀድመው ይጠይቁ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የትኛው አገልግሎት እንደሚሸፈን ጤና ጣቢያዎ ይነግርዎታል።

የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2050 በዓለም አዲስ ታማሚዎች በዓመት 35 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ቁጥሩ በፍጥነት የሚያድገው በልማት ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ባሉ ሀገሮች ነው፤ ከ2022 አንፃር በ142 በመቶ። ዛሬ 12 ዓመት የሆናት ልጅዎ በዚያን ጊዜ ወደ አርባ እየተጠጋች ትሆናለች። ያኔ ደብዳቤ የሚልክ ሥርዓት ይኖረን ይሆናል። እስከዚያው ግን የመጀመሪያዋ ጠሪ እናቷ ናት፤ አባቷም ነው። ክትባቱን ያልወሰደች እንደሆነ ሰኞ ጠዋት ይጠይቁላት።